የኬዛያ መስኮት

የዚያ ዓመት ብርድ ክፉ ነበር። ኩሬው እስከ ታች በረዶ ሆነ። በጎች በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። መንገዱ ተዘጋና ሐኪሙ መምጣት አቆመ።

ቀጥሎ የምነግራችሁ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። አልጨመርኩበትም።

እህቴ ኤድና አልጋ ላይ ነበረች። ነፋስ እንዳይገባባት መስኮቷን በምስማር መትቼ ዘጋሁት።

በእኛ አገር፣ በእንግሊዟ ዮርክሻየር፣ ሰው ሲሞት መስኮት ይከፈታል። ካልተከፈተ ነፍስ መውጫ ታጣለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጠራችኝ።

«አሞስ... ያቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች።»

«የቷ?»

«ኬዛያ። እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ በረዶው ቀለጠ ወይ ትለኛለች።»

ኬዛያ የአያታችን የጆሳያ እናት ናት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እንዲህ ባለ ብርድ፣ እግሯ ቆሰለ። የሚበላ አልነበረም። ጆሳያ በጋሪ ጭኖ፣ ጧሪ የሌላቸው የሚገቡበት የድሆች ቤት አስገባት።

«በረዶው ሲቀልጥ መጥቼ እወስድሻለሁ» አላት።

በረዶው ቀለጠ። እሱ አልሄደም። እዚያው በሕሙማኑ ክፍል ሞተች። መቃብሯን የሚያውቅ የለም።

«ሂድና በሞተችበት ክፍል ያለውን መስኮቷን ክፈትላት» አለች ኤድና። «አለዚያ አትተወኝም።»

«አንቺስ ብቻሽን?»

«ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስትነጫነጭ ሰምቻለሁ። አንድ ከሰዓት ጸጥታ ባገኝ ምን አለበት?»

ጉጠቴን ይዤ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

የድሆች ቤቱ ባዶ ሕንፃ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቁልፉን የምትይዘው ሞሪን በሩ ላይ አገኘችኝ።

«ከእርግብ በቀር ምንም የለም፣ ጋሼ። ምን ሊሰርቁ መጡ?»

«መስኮት ልከፍት።»

ሳቀች። ጉጠቱን ስታይ ተወችው።

የሕሙማኑ ክፍል ረጅም ነው። አልጋዎቹ የሉም፤ ወለሉ ላይ የእግራቸው ምልክት ቀርቷል። መስኮቶቹ ሁሉ ለከሰል ቁጠባ ሲባል ያኔ በምስማር ተመትተዋል። መስታወቶቹን ከውስጥ በረዶ ሸፍኗቸዋል።

ከአንዱ በቀር...

በአንዱ ላይ፣ ትራስ በሚደርስበት ቁመት፣ ጡጫ የምታህል እርጥብ ቦታ አለች።

በእጅጌዬ ጠረግኳት።

ጭጋግ ለበሰች። ጠፋ። እንደገና ለበሰች...

ሰው ሲተነፍስባት እንደዚያ ነው።

«ሞሪን... አጠገቤ ነሽ?»

«በሩ ላይ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «ጋሼ... እንውጣ።»

ምስማሮቹን መንቀል ጀመርኩ። የመጨረሻው ሲወጣ፣ ከጆሮዬ ኋላ...

«ጆሳያ... በረዶው ቀለጠ?»

ውጭው ነጭ ነበር። መሬት አይታይም።

«ቀልጧል፣ እማዬ» አልኩ። «ልወስድሽ መጥቻለሁ።»

መስኮቱን ገፋሁት። ጭጋጉ ጠፋ።

አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

የኤድና መስኮት። በገዛ እጄ የመታሁት።

ጉልበቴ እንደቻለ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ጉጠቱ በእጄ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ሌላ የለም።

ኤድና ሞታለች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብርድ ልብሷ ላይ በረዶ ገብቷል። ምስማሮቼ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። አንዱም አልጎበጠም።

አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። ለእኔ መስኮት የሚከፍት የለም።

ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ።

ከእግሯ ሥር ፍራሹ ጎድጉዷል፤ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው።

ዓይኔ እያየ... ሰው እንደተነሳለት ፍራሹ ቀስ ብሎ ቀና አለ።