የባዶው ሳይሎ ክብደት

ይትባረክ በዱቄት ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ከገባ ሁለት ወር ከሃያ ቀኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ቱታውን ይለብሳል፣ ስሙ የተጻፈበትን ጓጉንቸር ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያ የወፍጮዎቹ ጉርምርምታ ደረቱ ውስጥ እስኪሰማው ድረስ ደጅ ቆሞ ያዳምጣል። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። አለቃው ቁርጡን ነግረውታል፤ የሦስተኛው ሳይሎ ሚዛን ባዶውን ዜሮ ካላነበበ ቋሚ ሆኖ አይቀጠርም።

ሳይሎው ስንዴ የሚጠራቀምበት ረጅም የቆርቆሮ ማማ ነው። በአራት እግር ይቆማል፤ በየእግሩ ሥር ክብደት የሚለካ መሣሪያ አለ። ባዶውን ከከረመ ዓመት አልፎታል፣ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አንዴ ሦስት መቶ፣ አንዴ ከዜሮ በታች እየሆነ ይዘላል። ይትባረክ ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። የሚዛኑ ቀጭን ሽቦ ከትልቁ ሞተር ኬብል ጋር በአንድ ቦይ ተጋድሞ ዓመቱን ሙሉ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ ሲጠጣ ኖሯል። ሽቦውን ነጥሎ በብረት ቱቦ አሳለፈው፣ ረብሻ የሚከላከለውን የሽቦውን መሸፈኛ መረብም በአንድ ጫፉ ብቻ ከመሬት ጋር አሰረው።

ዝላዩ ጸጥ አለ። ቁጥሩ ስልሳ አንድ ኪሎ ላይ ቆመ።

«ስልሳ አንድ ኪሎ አይጥ ካገኘህ ለእኔም አሳየኝ» አለችው ስንዱ፣ ስክሪኑን የምትጠብቀው ሴት። እሱም ሳቀ። መሣሪያዎቹን በአዲስ ቀየረ፤ ያው ስልሳ አንድ። ዓርብ ሞተሮቹ ሁሉ ለጽዳት ሲቆሙ የአራቱን እግሮች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ለየብቻ አየ። ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ቀስ እያለ፣ ዙሪያውን ይሄዳል፤ በሩ ያለበት እግር ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይቆይና እንደገና ይዞራል። ረብሻው ሸፍኖት ኖሯል።

የሳይሎው ማብሪያ ላይ ደግሞ የተቆረጠ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ሽመክት የሚል ስም ተጭሮበታል። ስለሱ ሲጠይቃት ስንዱ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ነገረችው። በፋብሪካው ደንብ ሳይሎ የሚገባ ሰው ማንም አብርቶ ስንዴ እንዳይለቅበት ጓጉንቸሩን ማብሪያው ላይ ይሰቅላል፣ ሲወጣም የሚያወርደው እሱ ራሱ ነው። ሽመክት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ገባ። የቀሩት ረስቶት ወደ ቤቱ የሄደ መስሏቸው ጓጉንቸሩን ቆርጠው ስንዴውን ለቀቁበት። በሁለተኛው ቀን አውጥተው ቀበሩት። ጓጉንቸሩን ግን የሚያወርደው ጠፋ።

«ሄዷል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ይትባረክ በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት የራሱን ጓጉንቸር ከተቆረጠው ጎን ሰቀለ፣ ከባትሪውና ከመገናኛ ሬዲዮው በቀር ዕቃውን ሁሉ ደጅ አስቀምጦ በጠባቧ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ውስጡ የከረመ ስንዴና የሰው ላብ ይሸታል፤ ባትሪው ያበራለት የተጠረገ ወለልና ወደ ላይ ጨለማ ውስጥ የሚጠፋ ቆርቆሮ ብቻ ነው። የገዛ ትንፋሹ ግድግዳውን እየዞረ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ይገባል።

«ስንት ይላል?» አለ በሬዲዮው።

«መቶ ሃያ።»

እሱ ክሊኒክ ሲመዘን ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። ትንፋሹን ያዘ። ግድግዳው የሚመልሰው ትንፋሽ ግን አልቆመም።

«የት ጋ ነው?»

ሬዲዮው ትንሽ ተንጫጫ። «ሁሉም አንተ ጋ ነው» አለች ስንዱ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «በሩ ጋ። ውጣ፣ ወንድሜ።»

ወደኋላው ሳያይ ወጣ፣ በሩን ገፍቶ ዘጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። ደጁ ፀሐይ ነው፤ ከካፍቴሪያው የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮው ውስጥ ስንዱ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም።

«ዜሮ» አለችው። «ይትባረክ፣ ዜሮ ሆነልህ። ተቀጠርክ።»

እፎይ ብሎ የራሱን ጓጉንቸር ሊያወርድ ወደ ማብሪያው እጁን ሲዘረጋ፣ የሽመክት ጓጉንቸር ከጎኑ ወርዶ ነበር።