እርጥቡ ጨርቅ

«እማዬ፣ አባዬ ውሃ የሚፈራው ለምንድን ነው?»

ትልቋ ልጇ ስትጠይቃት እናት ያን ጊዜ ምን ብላ ትመልስ? እሷስ መች አወቀችና! ሾፌሩ ባሏ ከእስር የተመለሰው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነው። የደረሰበትን ሲጠይቁት ወሬ ይለውጣል። የባልዲ ድምፅ ያስደነግጠዋል፤ ፊቱን የሚጠርገው በደረቅ ፎጣ ነው። እሷም የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን የምታኖር ሴት፣ ለእሱ ብላ ሳፋዋን ወደ ጎረቤት ቧንቧ አዛወረች። ግንበኛው ወንድሟ ግን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ድመት ሆነህ መጣህ እንዴ?» እያለ ይቀልድበታል። ባልየውም አብሮ ይስቃል... ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ክፉ ቀን መች ብቻውን ይመጣል! ትንሿ ልጅ ሚጢጢ በትኩሳት ነደደች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒት ሰጥታ፣ «ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ እየነከርሽ ገላዋን አብሽላት። ካንቀጠቀጣት ግን ሮጠሽ አምጫት» አለቻት። እናት ሳፋውን ወደ ቤት መለሰች። ግንባሯን አበሰች፣ ብብቷን አበሰች። ልጅቷ ስትወራጭ ጨርቁ ተንሸራቶ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነው። ባልየው ይህን ጊዜ ከበሩ ላይ ደረሰ።

«ልቀቋት! እሷ ምንም አታውቅም! እኔን ጠይቁኝ!»

ሳፋውን ገለበጠ፤ ሚጢጢን ነጥቆ ጓዳ ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«የልጆቼ አባት፣ እኔ ነኝ እኮ! ትኩሳቷን ላበርድላት ነው!»

«እነሱም ፊቴን ሸፍነው ውሃ ሲያፈሱብኝ፣ ‹ትንሽ እናብርድህ› ነበር የሚሉኝ» አለ ከውስጥ።

ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፤ በሩን ትደበድባለች፣ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ልጅቷ ታለቅሳለች... ከዚያ ዝም አለች። ተኝታ ይሆን? እናት ተኝታለች ብላ ራሷን አታለለች። ወንድሟ ደርሶ በሩን በመዶሻ ሲሰብረው፣ አባት ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ማንም አይነካሽም» ይላታል። ሚጢጢ ግን አንቀጥቅጧት፣ ትንፋሿ ቆሞ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ ቀርታለች። «ወይኔ ልጄን!» አለች እናት።

ከቀብር መልስ ወንድሟ ሻንጣ አንጠልጥሎ ቆመ።

«ተነሺ እህቴ። ልጅሽን ከገደለ ሰው ጋር ምን ቀረሽ?»

«እሱ ነው የገደላት? ሊያድናት አልነበር እንዴ!»

ባልየው ከጥጉ ቀና ሳይል፣ «ሂጂ... የቀረችኝን ይዘሽልኝ ሂጂ» አላት።

ሰው ይህን ዕጣ ነው ይለዋል። ዕጣ ግን ጨርቅ ነክሮ የሰው ፊት ላይ ያኖራል?

ትልቋ ልጅ እያለቀሰች ከአጎቷ ጋር ሄደች። እናት ከባሏ ጋር ቀረች።