ከሰማይ የወረደው ባና

ሰው ከወንድሙ ቀድሞ ለመታየት ሲል ወንድሙ የሚወጣበትን መሰላል እርከን ቢነቅል የሚወድቀው ወንድሙ ብቻ አይደለም። «ላዋርደው እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» የሚለው ሰበብም ሰሚውን ቢያሳዝን በፍርድ ፊት አይቆምም፤ ክፋት አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስነው ላኪው አይደለምና። በዳንግላ ሜዳ በአንድ የጥር እሑድ የደረሰው ነገር ይህን ያስረዳል።

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ምህረቴ በቆሰበር ከተማ ከአንድ ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጠው ምሳቸውን ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እሑዳቸው እንዲህ ነው፤ አስተናጋጇ ሳትጠይቅ ታቀርባለች፣ እርሳቸውም ሳይናገሩ በልተው ይወጣሉ። ደዋዩ በዳንግላ አንድ ወጣት በፓራሹት ሲወርድ ተከስክሶ መሞቱንና ጥፋተኛዋ ሴት መያዟን ነገራቸው።

«ጥፋተኛዋ ከተያዘች እኔ ለምን እፈለጋለሁ?»

«አላመነችም፤ ለዚህ ነው።»

ሬሳው ከከተማው ወጣ ብሎ በታጨደ የዳጉሳ ማሳ ላይ፣ በገዛ ፓራሹቱ ነጭና ሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ሟቹ አበረ ይባላል፤ የፊዚክስ መምህር ነው። የዳንግላ የፓራሹት ዝላይ ክበብ አባል ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በሬሳው ዙሪያ ሦስት የክበቡ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ክበቡን የመሠረቱት ጡረተኛው አየር ወለድ ሻለቃ አሳምነው ናቸው። ሁለተኛው በከተማው ጋሪዎች የሚያሠራው ፀጋው ነው። ሦስተኛው ሀብቱ፣ ከአንድ መንደር ከሟቹ ጋር ያደገ፣ ከፈረሰኛ ቤተሰብ የተወለደ ጎልማሳ ነው። ሀብቱ ከሟቹ ራስጌ ተንበርክኮ ድምፁ እስኪዘጋ ያለቅስ ነበር።

ሻለቃው ኢንስፔክተሩን ወደ ጎን ወስደው ነገሩን በወታደር ቋንቋ አስረዱ።

«ለጀማሪ ሰፊ ጨርቅ ነው የሚሰጠው። ሰፊው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የጀማሪን ስሕተትም ይችላል። ከዚያ የሰውየው ክብደት ተመዝኖ፣ ልምዱ ታይቶ፣ በየእርከኑ እየጠበበ ይሄዳል። ጠባቡ ፈጣን ነው። መሬት አጠገብ እንደ ሰፊው አድርገው ገመዱን ቢስቡት በአፍንጫው ይተከላል። አበረ ገና ሰፊው ላይ ነበር። ዛሬ ሲለማመድ የሞተበት ግን ካለን ሁሉ ጠባቡ ነው።»

«ራሱ መርጦት ይሆን?»

«አበረ? እኔ ካልኩት ውልፍት አይልም። በዚህ ወር ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሰማይ ወርዶ መካከላቸው እንዲያርፍ የመረጥኩት በዚሁ ጠባዩ ነው። ሌሎቹ እርከን መዝለል ይወዳሉ።»

ኢንስፔክተሩ አበረ በአየር ላይ ሳለ ጨርቁ መለወጡን አያውቅም ወይ ብለው ጠየቁ። ሻለቃው የሁለቱ ጨርቆች ቀለም አንድ መሆኑን፣ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም እንደማይለየው ነገሯቸው። ቀጥለውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከተከፈተ በኋላ ቢያውቀውስ? ሰማይ ላይ መመለስ የለም፤ መውረድ ብቻ ነው።»

ሬሳው በተነሣ ጊዜ ሀብቱ ቀይ ዳማ ፈረሱን ፈትቶ ወደ መንደሩ ሊሄድ ተነሣ። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ፈረሱ ወገቡን ሰበር አድርጎ ተንቀጠቀጠ፤ ሀብቱም ልጓሙን ሳብ አድርጎ አለፈ። ኢንስፔክተር ምህረቴ በአዊ መንደር በፈረስ ጀርባ ያደጉ ሰው ናቸውና ዐይናቸው ፈረሱን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘው።

የተያዘችው ሴት እንቁ ናት፤ የክበቡን ፓራሹቶች የምታጥፈው እርሷ ነች። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ ከክበቡ መጋዘን ጎን ባለች አንዲት ክፍል የምትኖር ዝምተኛ ሴት ነች። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ እስከዚያ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ልትከሰስ ነው። ኢንስፔክተሩ ጣቢያው ውስጥ ሲያገኟት እጇን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን ትመለከት ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ያጠፍኩት ሰፊውን ነው። ቅዳሜ ማታ አጥፌ በአበረ ከረጢት ከትቼ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቅዳሴ ሄድኩ።»

«ሰፊው ግን ጠባቡ ይቀመጥበት ከነበረው ሣጥን ውስጥ ነው የተገኘው።»

«እኔ አላኖርኩትም።»

«የመጋዘኑ ቁልፍስ?»

«ከበሩ ጉበን ላይ ነው የሚቀመጠው። የክበቡ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ቅዳሜ ስታጥፊ ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል?» አለች፤ ቅሬታ በሌለው ድምፅ።

ኢንስፔክተሩ ሊወጡ ሲሉ ስንቅ ማን እንደሚያመጣላት ጠየቁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በር ላይ የሌሎቹ እስረኞች ዘመዶች ሳህን በፌስታል ቋጥረው ተሰልፈዋል፤ የእርሷን ስም የሚጠራ ግን አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ለዘበኛው ከኪሳቸው ሰጥተው ዳቦና ሻይ አስላኩላት። ማታ በቆሰበር ብርድ አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ያቺ «ማን ያየኛል» የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሣቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ፀጋውን በጋሪዎቹ መካከል አገኙት። ከሟቹ ጋር በየጊዜው ይጣላ እንደ ነበር የከተማው ሰው ሁሉ ነግሯቸዋል፤ እርሱም አልካደም።

«ተረብ ነው ጋሼ፣ ለጨዋታ ነው። ‹ጠመኔህን ይዘህ ዝለል፤ ደመናው ላይ ትጽፍበታለህ› እለው ነበር። እሱ ደግሞ ‹አንተም ጋሪህን ይዘህ ዝለል፤ ስትወድቅ የምትሳፈርበት አታጣም› ይለኛል።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው። «አሁን ማን ይሰድበኛል?»

ከዚያም እሑድ ጠዋት አበረ አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ ከኋላው ያነሣውን ፎቶ በስልኩ አሳያቸው። የጀርባው ከረጢት እንደ ጠገበ ከርስ ተወጥሯል። ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ሻለቃው ሄዱ፤ ጠባቡ ጨርቅ በሰፊው ከረጢት ቢገባ ምን እንደሚመስልም ጠየቁ።

«ይላላል፣ ይንጠለጠላል» አሉ ሻለቃው። «ከረጢቱ ለጨርቁ ልክ መሆን አለበት። ዐይን ያለው ሰው ከሩቅ ያየዋል።»

«ይህ ግን አልላላም።»

ሻለቃው ፎቶውን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንግዲያው ውስጡ ሌላ ነገር ነበረ።»

«ያ ነገር ከረጢቱ ሲከፈት የት ይወድቃል?»

ሻለቃው የዚያን ጠዋት ነፋስ አስታውሰው በስተምዕራብ ያለውን የዲከረንስ ደን በጣታቸው አመለከቱ።

ደኑ ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ቁመት፣ ተራ ገብቶ የቆመ። ወፍ እንኳ እምብዛም አይገባበትም። ኢንስፔክተሩ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የገዛ ኮቴያቸውን እየሰሙ ሲዞሩ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰል ከምታከስል አንዲት ሴት ዘንድ ደረሱ። ውዴ ትባላለች። ዩኒፎርማቸውን አይታ ፊቷን አጨፈገገች፤ በአገሯ ቋንቋ በአውንጊ ሰላም ሲሏት ግን ተነሥታ መቀመጫ አቀረበችላቸው። መቀመጫው ጉቶ ሲሆን በላዩ የታጠፈ ወፍራም የሱፍ ባና ተነጥፎበታል። ኢንስፔክተሩ አልተቀመጡም።

«እትዬ ውዴ፣ ይህን ባና ከየት አገኙት?»

«ከዛፍ ጫፍ ላይ። ትናንት ጠዋት ከላይ ወረደ። ቁራ ጥሎት ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ቁራ ባና አይሸከምም።» ወደ ከሰሉ ዞር ብላ «ከሰማይ የወረደ ነገር ደግሞ ባለቤት አለው እንዴ?» አለች።

«አለው። ባለቤቱ ግን እንዲገኝ አይፈልግም።»

ባናውን በምሽቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት። ሦስት ጊዜ ታጥፎ ዳሩ የተሰፋ ነው። በግራና በቀኝ በኩል እኩል ተፈግፍጎ ሳስቷል፤ መካከሉ ግን እንደ አዲስ ሆኖ ቆይቷል። ቀያይ አጫጭር ጸጉሮች ተጣብቀውበታል። ከአንዱ ጥግ ላይ የቆዳ ጠፍር ተበጥሶ ቀርቷል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እንቁ ፍርድ ቤት ከመቅረቧ በፊት፣ ሁሉም በክበቡ መጋዘን ተሰበሰቡ። እንቁ ከፖሊስ ጋር ጥግ ላይ ቆመች። ሀብቱ ከሁሉ ዘግይቶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ገባ።

«በእግርህ መጣህ?» አሉት ኢንስፔክተሩ። «ፈረስህስ?»

«ደክሞት ነው፤ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሩ ሻለቃውን ጠባቡን ጨርቅ አጥፈው በሟቹ ከረጢት እንዲከቱት ጠየቁ። ከረጢቱ ሲዘጋ እንደ ባዶ ስልቻ ተሸበሸበ። ከዚያ ባናውን አውጥተው እንዲጨምሩበት ሰጧቸው። ከረጢቱ ሞላ፤ በፎቶው ላይ እንደሚታየውም ተወጠረ።

«እንቁ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ «ከረጢቱ ላልቶ ይታይ ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን አያውቀውምና ክፍተቱን አይሞላም። አበረም ራሱ መርጦት ቢሆን ኖሮ ጠባብ መሆኑን አውቆ መሬት አጠገብ እንደ ሰፊው ባልሳበው ነበር። ክፍተቱን የሞላው ጨርቁን በስውር የለወጠው ሰው ነው። እንቁ ቅዳሴ ላይ ሳለች ገብቶ ለወጠ። ከረጢቱ እንደሚላላ አስቀድሞ አላሰበበትም ነበር፤ ሲላላበት ጊዜ በአጠገቡ ያገኘውን ጨመረ። ከሰማይ ሲወድቅ ደን ውስጥ ይጠፋል ብሎም ተማመነ።»

ሻለቃው ባናውን ዳስሰው የፈረስ ዕቃ መሆኑን ተናገሩ፤ ዐይናቸውም ወደ ፀጋው ዞረ። ፀጋው ደነገጠ።

«አይዞህ» አሉት ኢንስፔክተሩ። «የጋሪ ፈረስ የሚፈገፈገው ደረቱና አንገቱ ላይ ነው። ይህ ግን ግራና ቀኙ ሳስቶ መካከሉ ድኗል፤ የፈረስ አከርካሪ ያለበት ቦታ ኮርቻ አይነካውምና። ይህ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ መደላድል ነው። የተጣበቀበትም ጸጉር የዳማ ነው። እሑድ በዚህ ሜዳ የኮርቻ ፈረስ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሀብቱ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ዳማ ፈረስ በአገሩ ሞልቷል፤ ጋሼ።»

ኢንስፔክተሩ በሩን ከፈቱ። ሁለት ፖሊሶች በማለዳ ከመንደሩ ያመጡትን ዳማ ፈረስና ኮርቻውን ይዘው ቆመዋል። ጀርባው ተልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«ገጣባ አድርገኸዋል» አሉት። «የፈረሰኛ ልጅ ያለ መደላድል ኮርቻ አይጭንም፤ አባትህ ቢያይህ ከፈረሱ ያወርድህ ነበር። እሑድ ግን መደላድልህ ሰማይ ነበር። ሬሳውን ትተህ ስትሄድ ፈረስህ በሥርህ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያን ጊዜ አልገባኝም።»

ባናውን የፈረሱን ቁስል ሳያስነኩ ከኮርቻው ሥር አጋጠሙት፤ በባናው ጥግ የቀረው የቆዳ ጠፍር ከኮርቻው ላይ ከተበጠሰው ጫፍ ጋር ልክ ገጠመ።

ሀብቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተናገረውም ለኢንስፔክተሩ ሳይሆን ለሻለቃው ነበር።

«አበረን ወደዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፈረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጠባቡን ስጡኝ ብዬ ስለምንዎት ‹ገና ነህ› ይሉኝ ነበር፤ እሱን ግን ለበዓሉ መረጡት። አባቴና ወንድሞቼ በፈረስ ተሰልፈው እሱ ከሰማይ ሲወርድ ሊያዩ ነው፤ እኔ ከሥር ሆኜ ላጨበጭብለት።» እጁን አየ። «እግሩ ይሰበራል ብዬ ነው። ለበዓሉ እንዳይደርስ ብቻ።»

«‹ገና ነህ› ያልኩህ ለነፍስህ ብዬ ነበር» አሉ ሻለቃው።

«አውቃለሁ። ጠባቡ ምን እንደሚያደርግ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ኢንስፔክተር ምህረቴ ይህን ቃል ጸሐፊው እንዲመዘግበው አዘዙ፤ ከቀረው ሁሉ ይልቅ እርሱን የሚፈርድበት ይህ ቃል ነበርና። የሚያውቅ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም።

እንቁ በዚያው ቀን ተፈታች። በጣቢያው በር የሚጠብቃት ዘመድ አልነበረም። ፀጋው ጋሪውን አቁሞ ሳይናገር ቦታ ለቀቀላት፤ እርሷም ተሳፈረች። ኢንስፔክተሩ ጋሪው እስኪርቅ ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ ብቻቸውን ወደ ቆሰበር የሚሄደውን ሚኒባስ ያዙ፤ በመስኮቱ በኩል የፈረሰኞቹ በዓል ሜዳ ሲታጨድና ሲጠረግ እያዩ አለፉ።

በዓሉ በቀኑ ተከበረ። ከሰማይ የወረደ ሰው ግን አልነበረም፤ የሀብቱ አባትም ከሰልፉ ቀሩ።

ሀብቱ ሆን ብሎ ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰሰ። «እግሩን ልሰብር ነበር» የሚለውን መከላከያ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ጠባቡ ጨርቅ ሊገድል እንደሚችል ተምሮ ያውቅ ነበር ሲል ወሰነ። አሥራ አራት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ዛሬ በማረሚያ ቤት ቅጣቱን ይፈጽማል።