ቢጫው መስመር ውስጥ ያለው ክብ

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ... እጄም አለበት።

ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ቦታው የቆርቆሮ ፋብሪካ፣ ትልቁ መጭመቂያ ማሽን ያለበት አዳራሽ።

ከማሽኑ በላይ ካሜራ አለ። እኔ የጻፍኩት ኮድ ካሜራው በሚልከው ምስል ላይ ክብ ቅርጽ ይፈልጋል። የሠራተኛ ሄልሜት ከላይ ሲታይ ክብ ነዋ! ወለሉ ላይ በተቀባው ቢጫ መስመር ውስጥ ክብ ከታየ ማሽኑ ይቆማል። ክቡ ሲወጣ በራሱ ይነሳል።

ችግሩ፣ የዘይት ባልዲም ክብ ነው። ማሽኑ በባልዲ ምክንያት በቆመ ቁጥር አለቃችን ያብዳል። ከጩኸቱ የተነሳ በሌለበት "ሳይረን" እንለዋለን።

"ባልዲ የሚያክለውንም ከዚያ የሚያንሰውንም አትቁጠሪ!" አለኝ አንድ ቀን።

ቁጥሩን ቀየርኩ።

ሄልሜት ከባልዲ በሁለት ጣት ያንሳል።

ማሽኑ ሥር የገባው ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ሳይረን "ሟቹ ዝርክርክ ነበር" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። እኔ ቁጥሩን ወደ ቦታው መለስኩ... አፌን ዘግቼም ቀኑን ጠበቅኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ አልነሳም አለ።

ስክሪኑ ላይ፣ ባዶው ወለል መሃል፣ ኮዱ ሄልሜት ሲያገኝ የሚስለው አረንጓዴ ክብ ተስሏል።

ሌንሱን ወለወልኩ። መብራቱን አጥፍቼ አበራሁ።

ክቡ አለ። እንደሚተነፍስ ሰው በትንሹ ይነቃነቃል...

"ምን አባቱ ነው?" ሳይረን መስመሩን አልፎ ገባና ወለሉን በጫማው ደበደበው። "ይኸው! ምንም የለም! ያንን የባልዲውን ቁጥር መልሺው!"

"እዚያው ቆመው?"

"አሁን አልኩሽ! ወሬ አታብዢ!"

ማሽኑ በራሱ እንደሚነሳ በንዴት ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

ስክሪኑ ላይ ክቦቹ ሁለት ሆኑ። አንዱ የእሱ ሄልሜት ነው። ሌላው ተጠጋው... ተለጠፈበት።

የሳይረን ድምፅ ድንገት ወረደ።

"እህቴ... እግሬን ማነው የያዘኝ?"

"ማንም የለም፣ አለቃ።"

"ቆይ... ቆይ፣ አትንኪው..."

"አሁን ብለውኛል እኮ።"

ቁጥሩን ጻፍኩ። ተጫንኩት።

የእሱ ክብ ጠፋ። ማሽኑ ወረደ።

በኮዱ መሠረት ሁለቱም መጥፋት ነበረባቸው። ሌላው ግን አልጠፋም።

ትንሽ ቆየ... ከዚያ ቀስ ብሎ ቢጫውን መስመር ተሻገረና፣ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ከምስሉ ወጣ።