ለትልቁ ጥይት የተቀየረችው ሽጉጥ

ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። በእኔው ግቢ፣ በእኔው ዓይን ፊት የሆነ ነው።

ዳናኦ፣ የሽጉጥ ሠሪዎች የባሕር ዳር ከተማችን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ጎረቤቴ ፓሲንግ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። እሷ ወሬ ካገኘች ምሳዋንም ትረሳለች። እኔስ ብትሉ?

«ሰማሽ? አበልጃችሁ ሩፔርቶ ትናንት ጓሮው ውስጥ ሲተኩስ ዋለ አሉ። የሚተኩስበት ነገር ግን የለም... ባዶ መሬት።»

«ጠጥቶ ይሆናላ።»

«ቢጠጣማ ሚስቱ ለምዳዋለች። አሁን ግን ጥላው ሄዳለች።»

ሳንጨርስ ሩፔርቶ ራሱ ከች አለ። ከስቶ... አጥንቱ ይቆጠራል።

ቀጥታ ልጄ ኤልፒዲዮ ወደሚሠራበት ዳስ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ልጄ ሽጉጥ ሠሪ ነው፤ እኛ ሰፈር ማን ያልሠራ አለ?

«ይቺ ጥይቷ አነሰችኝ» አለው ሽጉጡን አውጥቶ፣ በሹክሹክታ። «ትልቁን እንድትጎርስ አርግልኝ።»

«አትችልም። በልኳ ነው የተሠራችው። እጅህ ላይ ትፈነዳለች።»

«ትፈንዳ!»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ስመታው... ይነሳል።»

«ማን?»

ሩፔርቶ ዞሮ በሩን አየ።

«ትናንት ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ አደረ።»

የልጄን ክንድ ያዝኩ። «ተው ልጄ። ይሄ ያንተ ጣጣ አይደለም።»

«ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው እማዬ። በየት አፌ እምቢ ልበለው?»

ሲሞርድ፣ ሲገጥም፣ ሲፈታ ሰነበተ። በመጨረሻ አለቀች። ሩፔርቶም ሊረከብ መጣ።

እኛ ጋ ደንብ አለ። የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሰው ሠሪው ነው፣ በገዛ እጁ። አለዚያ የሚረከብ የለም።

«ግንድ ላይ እሰራትና በገመድ ሳባት!» ብዬ ለመንኩት። «እጅህን ትወስደዋለች!»

«ሰው ይስቅብኛል እማዬ።»

ወደ አሸዋው ክምር አነጣጠረ።

ዷ!

እጁ ደህና ነው። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት...

ዶሮዎቹ በሙሉ፣ አንድ ላይ፣ ዳሱ ስር ገቡ።

የባሕሩ ነፋስ ቀጥ አለ።

ሩፔርቶ ሸክም የወረደለት ይመስል የራሱን ትከሻ ዳበሰ። እፎይ አለ። ከዛ... ማልቀስ ጀመረ።

«ይቅር በለኝ አበልጄ። የሚከተለው መጨረሻ የተኮሰበትን ነው፤ ከእንግዲህ እኔን አያይም።»

ሽጉጡን እንኳ ሳይወስድ ወጣ።

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ዓይኑን ከአሸዋው አልነቅል አለ።

«እማዬ... መታሁት እንዴ?»

«ማንን? አሸዋ ነው እኮ ልጄ!»

ምራቴ ጎተተችው። «ፀሐይ መቶህ ነው። ግባና ውሃ ጠጣ።»

ተኩስ ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። «ኤልፒዲዮ አሸዋ ገደለ!» አሉ። «ባዶ ነው እኮ፣ ምን አለበት?»

ፓሲንግ ብቻ አልሳቀችም።

«ባዶ ከሆነ...» አለች፣ «ያ አሸዋው ላይ በክንዱ ተደግፎ የሚነሳው ማነው?»