የአርባ መኪኖች አንድ ቁልፍ

ኢያቄም ለቡ መብራት ኃይል ባለ አንድ ጋራዥ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከባለቤቶቻቸው ስልክ ጋር ያገናኛል። መኪናውን ከሩቅ የሚከፍተውና የሚያቆመው መተግበሪያ የቻይና ስልክ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ እዚያ የሚማር ጓደኛውን ቁጥር ለሁሉም ይጠቀም ነበር። አርባ መኪና፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ የይለፍ ቃል።

ሴና ከአባቷ ከአቶ በንቲ ጋር የመጣችው የካቲት ላይ ነው። አባቷ የላፍቶ ገበሬ ነበሩ፤ መሬቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

«ይሄን ሁሉ ቻይንኛ ታነበዋለህ?» አለችው።

«አንዱንም። የቁልፎቹን ቦታ ነው የሸመደድኩት።»

ሳቀች። ቀና ብሎ አያትና ቶሎ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

አቶ በንቲ ግን አልሳቁም። «በሬዎቼ የሚሰሙት የእኔን ድምፅ ብቻ ነበር። ይቺን መኪና ሌላ ሰው ከሩቅ ቢጠራትስ?»

«ማን ይጠራታል ጋሼ?»

ከዚያ ወዲህ ሴና በየቅዳሜው ወደ ጋራዡ የምትመጣበት ሰበብ አላጣችም። ከፍልሰታ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ ከአርባዎቹ መኪኖች ስድስቱ በየነበሩበት መንገድ በአንድ ቅጽበት ቆሙ። አምስቱ ላይ ጡሩምባና ስድብ ወረደ። የአቶ በንቲ ወደ መካኒሳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ይመጣ ነበር።

ሰዉ «ፍሬን ነው» አለ። ኢያቄም ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። በሦስተኛው ቀን ግን ሴናን ከአባቷ የለቅሶ ድንኳን ጀርባ ጠራት።

«ፍሬን አይደለም። በእኛ ቁጥር የገባ ሰው ነው ያቆማቸው። ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ለሠራተኞቹ ብዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።»

ሴና ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች።

«ምን ነበር ቃሉ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ስምሽ። ስምሽና የተገናኘንበት ቀን።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ቀይረኸዋል?»

«የመቀየሪያው ማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው ቻይና ላለው ጓደኛዬ ነው፤ ስልክ አያነሳም። ከኢንተርኔት የሚያገናኛቸውን ሲም ካርድ ከየመኪናው በእጅ መንቀል ነው የቀረው።»

«ሰዎቹ አሁንም እየነዱ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ!»

ሄደ። እስከ ብስራተ ገብርኤል ድረስ የባለመኪኖቹን በር አንኳኳ፤ በየበሩም ጥፋቱን ተናገረ። ሰደቡት። አንዱ በጥፊ መታው።

የኢያቄም መልእክት ለሴና የደረሳት ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በተቀጠረው እሑድ ነው። «የመጨረሻዋን ነቀልኩ። ከእንግዲህ ስምሽ ማንንም አያቆምም። ቃሌን ልሰጥ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነኝ።»

ሴና «ቆይ» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ ዘገየ። ከዚያ ሁለቱን ፊደል አንድ በአንድ አጠፋች።