አንድ ጥያቄ ለአንድ ሚኒስትር

በዘውዱ ዘመን፣ የሕዝብ ምክር ቤት በተከፈተ በስድስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት፣ ሰኞ ጧት፣ ከሸለቆው ወረዳ የተመረጠው እንደራሴ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ባንኮኒ ፊት ቆሞ ነበር፤ ኮቱ በወጉ ተተኩሷል፤ ጫማው ግን ከአውቶቡስ ጣቢያ ጀምሮ ያገኘውን ጭቃ ሁሉ ይዞ ገብቷል። ባልደረቦቹ «ባለጣቱ» ይሉታል፤ ሲያነብ ጣቱን በመስመሩ ላይ ስለሚያስኬድ ነው። ፊደል የቆጠረው ከጎለመሰ በኋላ፣ ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ነበር፤ አባታቸው ከፍሎ ያስተማራቸውን ባልደረቦቹን ግን ይህ ያስቃቸው ነበር።

ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበና መልሶ ገፋለት።

«ክቡር እንደራሴ፣ ይኸ አይሆንም። ክሊኒኩ ተዘጋ ይላሉ፤ ይኸ የጤና ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ይላሉ፤ ይኸ የትምህርት ነው። ወንበዴ መሻገሪያውን ያዘ ይላሉ፤ ይኸ የጸጥታ ነው። ደንቡ በአንድ ጉባኤ አንድ ጥያቄ ለአንድ ሚኒስትር ነው። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ።»

«ሦስት አይደለም እኮ ልጄ፤ አንድ ነው። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ወንበዴዎቹ የክሊኒኩን አካሚ፣ ድሬሰሩን፣ ልብሱን ገፈው መድኃኒቱን ወሰዱበት፤ ሸሸ። አስተማሪው ይህን አየና ተከተለው።»

«ቅጹ ላይ ያለው መስመር አንድ ነው።»

«ሰው አንገቱን ታንቆ ዓይኑ ቢፈጥ፣ አንተ ወደ ዓይን ሐኪም ልትልከው ነው?»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ቀልዱን ለሻይ ሰዓት ያቆዩት፣ አባቴ። እስከ አራት ሰዓት ይመልሱልኝ።»

ምርጫው ላይ ላዩን ቀላል ነበር። የእንደራሴው አንዲት ልጅ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አምና የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በተዘጋው ክሊኒክ በር ላይ ነው። የጤናውን ሚኒስትር ቢጠይቅ መድኃኒት ይላካል፤ ግን ወንዙን ማን ያሻግረዋል? ወንበዴዎቹን ቢያነሳ ደግሞ፣ አለቃቸው የወረዳው ገዥ የእህት ልጅ መሆኑን፣ የተዘረፈውም በገዥው መጋዘን እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም። እሱን ያስመረጠውም ይኸው ገዥ ነበር፤ በአደባባይ፣ እንደራሴው ራሱ በቆመበት፣ «ዝም የሚል ሰው ነው፤ እሱን ምረጡ» ብሎ። ያቺን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ላይ ይዟት ኖሯል።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ገዥው ራሱ፣ ለጉባኤው በእንግድነት መጥቶ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አገኘው።

«አንተ! ምን ልትጠይቅ ነው?»

«ገና አልቆረጥኩም፣ ጌታዬ።»

«ክሊኒኩን ጠይቅ። ሚኒስትሩ ወዳጄ ናቸው፤ መልሱ ተዘጋጅቷል። መድኃኒቱን እኔው አደርስልሃለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጅህ ወሯ ገፍቷል አሉ። እሷን አስብ። መንገዱ እንደሆነ፣ ለሚያከብረኝ ሰው ተዘግቶ አያውቅም።»

ባለጣቱ እጅ ነሥቶ ተሰናበተው። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ተመለሰና በባዶዋ መስመር ላይ ብዕሩን ተጭኖ ጻፈ።

ከቀትር በኋላ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት መዶሻቸውን መቱ፤ «የሸለቆው ወረዳ እንደራሴ፤ ለክቡር የጸጥታ ሚኒስትር» አሉ። መልሳቸውን ከቦርሳ ያወጡት የጤና ሚኒስትር ወረቀታቸውን መልሰው ከተቱ፤ በእንግዶች ሰገነት ላይ የተቀመጠው ገዥ ወደ ፊት አዘነበለ።

ባለጣቱ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አኖረ። «ክቡር ሚኒስትር፣ ድሬሰራችንንና አስተማሪያችንን ያባረሩት ወንበዴዎች የዘረፉትን የሚያስቀምጡት በወረዳው ገዥ...»

«ጣትዎን ያፍጥኑልን እንጂ፣ ሊመሽ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ወንበሮቹ በሳቅ ተንጫጩ።

መስመሩ ጠፋበት። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሌላ መላ ስላልነበረው እንደገና ከላይ ጀመረ፤ በዚህም ምክንያት ምክር ቤቱ ክሱን ሁለት ጊዜ ሰማ፤ በሁለተኛው የሳቀ አልነበረም። «...በወረዳው ገዥ መጋዘን ነው። ይህን ያውቃሉ ወይ? ካወቁስ ስለምን ዝም አሉ?»

«ክቡር እንደራሴ፣» አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ «ያለ ማስረጃ ሰው አይወነጀልም።»

«መጋዘኑ በር አለው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። ይክፈቱት።»

የጸጥታው ሚኒስትር ወደ ሰገነቱ አዩ፤ የገዥው ወንበር ባዶ ነበር። «ይጣራል» አሉ።

ባለጣቱ ጉባኤው ሳያልቅ ወጥቶ ከገዥው ቀድሞ ልጁ ዘንድ ለመድረስ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራው በልጁ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ሆነ፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ዱላውን ይዞ ይነሳል። «አባባ፣ ምነው ዝም ባልክ?» ትለዋለች። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ወታደሮች መሻገሪያውን ያዙ፤ በሳምንቱ ድሬሰሩ ተመለሰ፤ የእንደራሴው ልጅም በክሊኒኩ አልጋ ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አስተማሪው ግን በዚያው ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ እስኪላክለት ሁለት ዓመት ተዘግቶ ኖረ።

መጋዘኑ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። የእህት ልጁ ታሰረ፤ ገዥው ግን ማዕረግ ተጨምሮለት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ የእንደራሴው ስምም በሚቀጥለው ምርጫ ከዕጩዎች ዝርዝር ተሰረዘ፤ ምክንያቱን የነገረው የለም። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ «ስለ መንገድ ጸጥታ ጥያቄ ቀርቦ መልስ ተሰጥቷል» ይላል፤ ከዓመታት በኋላ የወረዳውን ታሪክ የጻፉት የተማሩ ሰዎች ደግሞ መሻገሪያው በገዥው ዘመን ከወንበዴ መጽዳቱን መዝግበዋል። ውሸት አልጻፉም፤ በእርግጥም በገዥው ዘመን ጸድቷል፤ ከማን ወንበዴዎች እንደጸዳ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።